የጨው ዳር ቀማሾች

ጨው ዳርን ለመጎብኘት ከዓመቱ የቱ ጊዜ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ሶሊያና ከወንበሯ ያልተነሳች እንደሆነ ነው።

የደጋው መመሪያ እንዲህ ብሎ አይናገርም። መመሪያው በሚጣፍጥ የሴት ድምፅ፣ «ፀሐይ የማይጠፋበት፣ ባሕሩ እንደ መስታወት የሚጠራበት፣ ከጥር አሥራ ሁለት እስከ ጥር ሃያ ሁለት» እያለ ያነበንባል። ድሮ፣ የሶሊያና እናት በነበረችበት ዘመን፣ ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት እየተንጋጋ ይመጣ ነበር። ኋላ ታኅሣሥና ጥር ብቻ ሆነ። ከዚያ ጥር ብቻ። አሁን አሥራ አንድ ቀን ቀርታለች፤ እሷም ከተፈቀደች ነው። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ቀን ቀን ባሕር ዳር የሚታይ ፍጡር ሸርጣን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጉድጓዱ አይርቅም።

የሚፈቅዱት ሰባት አሮጌ ሰዎች ናቸው። የደጋዎቹ ማሽንማ የሙቀቱን ልክ ይተነብያል፤ ማን ያምነዋል እንጂ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ማሽኑ ደህና ነው ባለው ቀን አራት መቶ የደጋ እንግዳ በአንድ ከሰዓት አሸዋው ላይ ተዘርሮ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ደጋዎች ማሽኑን የሚያረጋግጥ ሰው ፈለጉ። ሰው ሲሉም አሮጌ ሰው ማለታቸው ነው። የሰባ ዓመት ገላ የቻለው ቀን የሠላሳ ዓመቱን ገላ ምን ያደርገዋል ብለው አሰቡ። ስሙን ያወጡት ግን የጨው ዳር ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለም፤ እነዚህም ቀኑን ለእንግዳ ይቀምሳሉና ቀማሾች ተባሉ። ታዲያ ጠላው ቢመራትም ቀማሿ በእንግዳ ፊት ፊቷን አታጨማድድም። ነውር ነው። ይህን ነውር ደጋዎች አያውቁትም። ያላወቁት ነገር ነው እንግዲህ ሥራቸውን ሁሉ ከንቱ ያደረገው።

ደንቡ ቀላል ነው። ማሽኑ ሙቀቱ የእንግዶቹን ቀናት ይመስላል ብሎ በመረጠው ቀን፣ ዘንድሮ እንግዳ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሰባት ወንበር ውኃው አፍ ላይ ይደረደራል። ጥላ የለም። ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሰባቱ ይቀመጣሉ። ከሰባቱ አንዱ በቃኝ ብሎ ከተነሳ ከደጋ ወደ ጨው ዳር የሚያስገባው በር ለዓመቱ ይዘጋል። ማንም ካልተነሳ ይከፈታል። ወንበሩ ክብደት ያውቃል፤ ማን እንደተነሳ ለመዝጋቢው የሚናገረው እሱ ነው። ያልተነሳ ቀማሽ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ቤት ይኖራል፤ ቤቱ ከመሬት በታች ነው፣ በሐምሌ ቃጠሎ እንኳ ጋቢ ያስፈልጋል። የተነሳ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ላይ፣ ወደ ሙቀቱ ይወጣል። ወደ ላይ የወጣ አሮጌ ነሐሴን አያይም።

ሶሊያና ስድስት ዓመት ቀምሳ አንድም ቀን አልተነሳችም። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። በእሷ ዘመን የተወለደች ሴት ግማሿ ሶሊያና ግማሿ አርሴማ ነበረች፤ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ትምህርት ቤቱን ባሕር የወሰደው ለመግባት አንድ ዓመት ሲቀራት ነው። «ፊደሉን ዓሣ ተማረው» ትላለች፣ ሳታፍር። አፏ አይጣል ነው። አምና ጎረቤቷ በፀሎት ስምንት ሰዓት ላይ ከወንበሯ ስትነሳ፣ ሶሊያና አንገቷን እንኳ ሳታዞር፣ «ጎበዝ፣ ለእራት ደረስሽ» አለቻት። በፀሎት ሰኔ አጋማሽ ላይ ሞተች። ሶሊያና ቀብሩ ላይ ቆማ እንባ አላወጣችም። «መቀመጥ ያቃታት ሴት መጋደሙን ቻለችው» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቀዝቃዛው ቤት ተመለሰች። በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ሳቁ። ክፉ ነበረች፤ ማንም ደግ ናት አላለም።

በበፀሎት ላይ እንደዚያ የጨከነችው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጇ ሀሴት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የደጋ ሰው አግብታ በሩን አልፋለች። ከጨው ዳር ወደ ደጋ የሚያሳልፈው ጋብቻ ብቻ ነው፤ እናት ተከትላ አትገባም። ከደጋ ወደ ጨው ዳር ደግሞ ሰው የሚመጣው በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ነው። መጀመሪያ ሀሴትን ሥራ አልለቅ አላት፤ ቀጥሎ አረገዘች፤ ሕፃን ይዞ መውረድ አይፈቀድም አሉ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሞልቷት መንገዱ ሲፈቀድላት፣ በሩ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተዘጋ። በየዓመቱ አንድ ሰው እየተነሳ ነው። ሦስተኛዋ በፀሎት ነበረች።

ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች። ደጋዎች ዛሬ የቅድመ አያት ስም እየቆፈሩ ለልጆቻቸው ያወጣሉ፤ ፋሽን ነው አሉ። ሶሊያና የልጅ ልጇን ያየቻት ምስል በሚያሳየው የቤቷ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ሽታ የሌላት፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የምታይ።

ዘንድሮ በታኅሣሥ መጨረሻ የሀሴት ድምፅ ግድግዳው ላይ መጣ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ? የመጀመሪያውን ቀን ይዘናል። መመሪያው ከአሥራ አንዱ እሱ ነው የሚሻለው ይላል። እባክሽ ዘንድሮ እንዳትነሱብን። አንቺን አይደለም፤ አንቺማ አውቅሻለሁ። ሌሎቹን ንገሪያቸው። ለትርንጎ የመዋኛ ልብስ ስንገዛ ይሄ አራተኛው ነው። ሦስቱ ባሕር ሳይነካቸው ጠበቧት።»

ሶሊያና ይህን ዐሥር ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ስድስቱን ቀማሾች አንድ በአንድ እየዞረች፣ «የሚነሳ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ፣ እኔው ራሴ ገድዬው ሌላ ሰው ይተካ» አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ። ናሆም ብቻ አልሳቀም።

ናሆም ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በሆቴሎቹ ዘመን አስተናጋጅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ከሶሊያና ወንበር አጠገብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ አሥር ሰዓትን ያደርሱታል።

«ልጅሽ ልትመጣ ነው ማለት ነው» አላት።

«አዎ። ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም። ዘንድሮ ትንሽ ደክሞኝ ነበር፣ ልነሳ አስቤ ነበር። ይሁን፣ እተወዋለሁ።»

«ውለታ አድርገህ እንዳትቆጥረው።»

«ካንቺ ምን ውለታ ይጠበቃል» አለ ናሆም። «ለልጅቷ ነው።»

ጥር ሦስት ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሰባቱ ወጡ። እያንዳንዱ በመዳፉ ውኃ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ልማዱን ደጋዎች ይወዱታል፤ ምስሉን ወስደው መመሪያው ፊት ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ተቀመጡ። መዝጋቢው አቤኔዘር ከኋላቸው ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ሹራብ ለብሶ ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው ጨዋ ሰው ነው። ከደጋ የመጣ ስለሆነ ያለ ማቀዝቀዣ ልብስ አይወጣም።

አየሩ ፊት ላይ እንደተጣለ እርጥብ ፎጣ ነበር። ፀሐዩ ብቻውን ቢሆን ችግር የለውም፤ ሰው የሚገድለው እርጥበቱ ነው። ላብ ይወጣል፣ የሚወስደው ንፋስ የለም፣ ገላ ላይ እንደ ዘይት ይቀመጣል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሶሊያና ዘንድሮ እንደሌላው ዓመት እንዳልሆነ አወቀች። ትንፋሿ ገብቶ ሲወጣ ያው ሙቀት ነው፤ የተነፈሰችውን መልሳ የምትስበው ይመስላታል። ግራና ቀኝ አየች፤ ማንም ፊቱን አላጨማደደም።

«ከደጋ የሚመጡት ይሄን ይችሉታል?» አለ ናሆም ሰባት ሰዓት ላይ።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀመጡት። ጥላም አላቸው።»

«የደጋ ሰው እኮ ቅቤ ነው። ላብ እንኳ አያውቅም። አንዱ እንግዳ በሆቴሉ ጊዜ ላብ ሲያልበው ታመምኩ ብሎ ሐኪም አስጠራኝ።»

«ይሄን ወሬ ስድስት ዓመት ሰማሁት።»

«በሰባተኛውም ስሚው። ሌላ ሥራ አለሽ?»

ስምንት ሰዓት ገደማ ሶሊያና ዘወር ስትል የናሆም ግንባር ደርቋል። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። የጨው ዳር ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ላቡ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ፊት ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው በረደኝ ይላል። በረደኝ ካለ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በረዶ ውኃ ውስጥ ካልገባ አይተርፍም።

«ሶሊያና።»

«እ።»

«በረደኝ።»

ባሕሩን እያየች፣ «ቀልድህን ተው» አለችው።

«እውነቴን ነው። የሆቴሉ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።»

«ታዲያ ተነሳ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ። ሊነሳ የሚችል ካለ አንቺ ነሽ።»

ይህን ሲላት የሚሆነውን ሁሉ ታውቅ ነበር። የሰው ጩኸት መስታወቱን አያልፍም፤ እሷ ከተነሳች ግን ወንበሩ ይጮኻል፤ የመስታወቱ በር ይከፈታል፤ በረዶ የያዙ ሰዎች ይሮጣሉ፤ ናሆም ይተርፋል። በሩ ይዘጋል። አራተኛው የመዋኛ ልብስ ትርንጎን ይጠብባታል። እሷም ወደ ላይ ትወጣለች፣ አምስተኛውን ለማየት አትደርስም።

«ስድስት ዓመት ቁጭ ብዬ ዛሬ ላንተ ልነሳ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ስድብ ለመምሰል ሞከረ።

ናሆም ሳቀ፤ ሳቁ ደረቅ ነበር። «ትመጣለች አይደል?» አለ።

«ትመጣለች።»

«እንግዲያ ቁጭ በይ» አለ።

ትንሽ ቆይቶ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። አንድ ሸርጣን ከጉድጓዱ ወጥቶ የናሆምን እግር ነካ አደረገ፤ እግሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ሸርጣኑ ደፍሮ ወጣበት። ሶሊያና ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ወደዚያ ጎን አላየችም። ከሌሎቹ አምስቱም ማንም አላየም፣ ወይም አላየሁም ይላል። ሁሉም የየራሳቸው ቀዝቃዛ ቤት ነበራቸው።

አሥር ሰዓት ሲሞላ አቤኔዘር ማቀዝቀዣ ልብሱን ለብሶ ወጣና ከዳር ጀምሮ ጠየቀ። «ተነስተዋል?» «አልተነሳሁም።» «ተነስተዋል?» «አልተነሳሁም።» ናሆም ፊት ሲደርስ ቆመ። አንገቱን ዳሰሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ስድሳ አንድ ኪሎ፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ያልተቀየረ። ጻፈ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለች ሶሊያና።

«አልተነሱም ብዬ።»

«ሞቷል እኮ።»

«አያለሁ እማማ። ነፍሳቸውን ይማር። ቅጹ የሚጠይቀው ግን ስለ መነሳት ነው።»

«የሞተ ሰው ከየት ይነሳል?»

«ለዚህ ነው አልተነሱም ያልኩት» አለ አቤኔዘር፣ በትሕትና። «እርስዎስ እማማ ሶሊያና? ተነስተዋል?»

አሁንም ጊዜ ነበር። ልነሳ ነበር፣ ቀኑ አይቻልም፣ ይሄ ቀን ሰው ይበላል ብትል እሱም ሊጽፈው ግድ ነበር፤ ለዚያም ቅጹ ግርጌ ላይ ባዶ መስመር አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አላስጻፈበትም። እዚያ ማስጻፍ ፊት ማጨማደድ ነው።

«አልተነሳሁም» አለች።

ማታውኑ ግድግዳው በዚያ በሚጣፍጥ ድምፅ ተናገረ። «ደስ ይበላችሁ፤ የጨው ዳር በር ተከፍቷል። በዘንድሮው ቅምሻ ሰባቱም ቀማሾች እስከ መጨረሻው በወንበራቸው ቆይተዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ የተሻለው ጥር ነው።» ሰባቱም አለ ድምፁ። ናሆም ያን ሰዓት ተቀብሮ ነበር፤ በሙቀት አገር ሬሳ አያድርም።

በዘጠኙ ቀናት ውስጥ ሶሊያና ለልጇ ሦስት ጊዜ ድምፅ ቀዳች። በመጀመሪያው፣ «አትምጡ፣ ዘንድሮ ደህና አይደለም» አለች፤ ሰምታ አጠፋችው። በሁለተኛው፣ «ልጅቷን እቤት ተዪያትና አንቺ ብቻ ነይ» አለች፤ ያንንም አጠፋችው፤ የምትፈልገው ልጅቷን ነዋ። ሦስተኛውን ላከችው። «ኮፍያ አምጡላት» ይላል።

ሀሴት፣ «ይዘናል፣ እማዬ፣ አታስቢ» ብላ መለሰች።

ጥር አሥራ ሁለት ቀን ባሕሩ ዳር በጥላና በጠረጴዛ ተሞላ። ሙዚቃ አለ። የደጋ ሰዎች እንደ ወተት የነጣ እግራቸውን አውጥተው ይሳሳቃሉ፣ ምስል ይነሳሳሉ። እንግዳ የሚቀመጠው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ባሕሩ ሰማያዊ የሚሆነው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው አሉ። ሶሊያና ከመሬት በታች ካለው ቤት ስትወጣ ቀኑን በአፍንጫዋ አወቀችው። ከናሆም ቀን ቢብስ እንጂ አያንስም።

ከዚያ አየቻቸውና ሌላውን ሁሉ ረሳችው።

ሀሴት ወፍራለች። አሥራ አንድ ዓመት ድምፅ ብቻ የነበረ ሰው ሥጋ ሆኖ ሲመጣ ያስደነግጣል። ተቃቅፈው ቆዩ። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም፤ ቢጫ የመዋኛ ልብስ ለብሳለች፤ የሳሙናና የልጅ ሽታ ትሸታለች። ሶሊያና የልጅቷን አናት ደጋግማ አሸተተች።

«እማዬ ልጅቷን ጨረስሻት» አለች ሀሴት እየሳቀች።

«ተዪያት፣ የእኔ ናት።»

ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። ሶሊያና ከማሰሮው የሎሚ ውኃ ቀዳች። ለልጅቷ ከመስጠቷ በፊት፣ እጇ እንደለመደው፣ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው።

«አያቴ፣ ለምንድነው እጅሽን የምትልሺው?» አለች ትርንጎ።

«አልላስኩም፣ ቀመስኩት እንጂ። መጥፎ ነገር ካለው መጀመሪያ እኔን እንዲያገኘኝ ነው።»

ልጅቷ አያቷን ከእግር እስከ ራሷ መረመረቻት። «አገኘሽ?»

«አላገኘኝም።»

«እሺ» አለችና ተቀብላ ጠጣች።

ከዚያ ወደ ውኃው ሮጠች። ሶሊያና ዓይኗን አልነቀለችም። ትርንጎ ገባች፣ ወጣች፣ አሸዋ ቆፈረች፣ ሸርጣን አይታ ጮኸች፣ ተመልሳ ገባች። ውኃው ራሱ የገላ ሙቀት ነው፤ አያቀዘቅዝም። ሀሴት ስለ ባሏ ታወራለች፣ ስለ ቤታቸው፣ እዚያ ስለሚዘንበው ዝናብ። እናቷ «እንዴ» እና «ጎሽ» እያለች አንዱንም አልሰማችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጅቷን ወደ ቤት እናስገባት፣ ይሞቃል» አለች።

«እማዬ፣ ገና ሃምሳ ደቂቃ አለን። ለዚህ እኮ ነው የመጣነው። ደግሞ ራስሽ ቀምሰሽው የለ እንዴ?»

ሶሊያና እጇን እያውለበለበች ልጅቷን ጠራቻት።

ትርንጎ እየተጎተተች ተመለሰች። ፀጉሯ እርጥብ ነው፤ ግንባሯ ግን ደርቋል። ጉንጮቿ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልተዋል። የጨው ዳርን ምልክት ደጋ ያስረሳት ሀሴት፣ «ፀሐዩ ቆንጆ አደረጋት፣ እዪ» አለች። ልጅቷ ወደ አያቷ ተጠግታ ጉልበቷ ላይ ራሷን አሳረፈች።

«አያቴ» አለች፣ «በረደኝ።»

ሀሴት ሳቀች። «አየሽ እማዬ? አንቺ ይሞቃል ትያለሽ፣ ልጅቷ ብርድ ነው የምትለው» አለችና ከቦርሳዋ ወፍራሙን ፎጣ አውጥታ ልጅቷን እስከ አንገቷ ሸፈነቻት። በዙሪያቸው ካሉት ጠረጴዛዎችም ሌላ ልጅ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው፣ ፎጣ ሲጠይቅ ተሰማ።

ሶሊያና ተነሳች።

ምንም አልጮኸም። የእንግዳ ወንበር ነው፤ ክብደት አያውቅም።